የልዕልት ፀሐይ ሕይወትና የነርስ ዐይን

ከጅማ ተነሥቶ አጋሮን አልፎ በበደሌ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ነቀምቴ ይደርሳል። መንገዱ የቡና አገር መንገድ ነው። በ1934 ዓ.ም. ክረምት በዚያች ከተማ ገና ሃያ ሦስት ዓመት ያልሞላቸው አንዲት ወጣት ሴት ዐረፉ። እኒህ ሴት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ስማቸውን ብዙዎቻችን የምናውቀው በሆስፒታል ስም ነው። ነርስ እንደ ነበሩ፣ ያውም ተፈትነው በመዝገብ የተጻፉ ነርስ እንደ ነበሩ የምናስታውስ ግን ጥቂቶች ነን። ነጭ ልብስ ለብሰን በጅማ ሆስፒታል አልጋዎች መካከል የምንመላለስ ተማሪዎች ልንዘነጋቸው አይገባም።

ልዕልት ፀሐይ የተወለዱት አባታቸው አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በነበሩበት ጊዜ፣ ጥቅምት 2 ቀን 1912 ዓ.ም. ነው። ለእቴጌ መነን የመጨረሻ ሴት ልጅ ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ። ቤተ ሰቡ ባዝ በምትባለው ከተማ ተቀመጠ። የተሰደደ የንጉሥ ልጅ በሐዘንና በትካዜ ዘመኑን ቢገፋ ማንም አይፈርድበትም፤ እርሳቸው ግን ሙያ መረጡ። በለንደን ከተማ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ጀመሩ።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ነርስ ተማሪ ሥራዋን የምትጀምረው በማጽዳትና አልጋ በማንጠፍ ነበር። ከዚያም ሙቀት መለካት፣ የደም ሥር ትርታ መቁጠር፣ የታየውን ሁሉ በሰሌዳ መመዝገብ ይከተላል። መድኃኒት የሚሰጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በዋና ነርሷ ዐይን ሥር ነው። ቅደም ተከተሉ ያለ ምክንያት አልወጣም። መጀመሪያ ማየትን ያልተማረ እጅ መድኃኒት ሲይዝ ያስፈራልና።

በሕፃናት ሆስፒታል ደግሞ ይህ ይበልጥ ይታወቃል። ሕፃን እዚህ ጋ አመመኝ አይልም። የአፍንጫው ቀዳዳ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ የጎድን አጥንቱ ሥር በትንፋሹ ወደ ውስጥ ሲሳብ፣ እርግብግቢቱ ሲጎደጉድ አይቶ የሚረዳለት ሰው ያስፈልገዋል። የመድኃኒቱም ልክ በክብደቱ ይሰላል። ግማሽ ሚሊግራም ሲጻፍ ከነጥቡ በፊት ዜሮ ካልተቀመጠ፣ የደበዘዘችውን ነጥብ ያላየ ሰው አምስት ብሎ ሊያነበው ይችላል። ይህ ዐሥር እጥፍ ነው። ትልቅ ሰው ሊቋቋመው የሚችለውን ስሕተት ሕፃን አይችለውም።

ልዕልት ፀሐይ በ1931 ዓ.ም. ፈተናቸውን አልፈው የሕፃናት ነርስ ሆኑ። በዚህም ሳይወሰኑ በጋይስ ሆስፒታል ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ጊዜው እንግሊዝ አገር በጀርመን አውሮፕላኖች የምትደበደብበት የጦርነት ጊዜ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ነጻ ስትወጣ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በደሴ ሆስፒታልም ሠሩ። ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ኋላ ጄኔራል የሆኑትን ኮሎኔል ዐቢይ አበበን አገቡና ባለቤታቸው ወደሚያስተዳድሩት ወደ ወለጋ ሄዱ። ከአራት ወር በኋላ፣ ነሐሴ 11 ቀን፣ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም በነቀምቴ ዐረፉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ፣ ራሳቸው ነርስ የሆኑ ሴት በዚህ ከሞቱ፣ በየቡናው ሥር ትወልድ የነበረችው እናት ዕጣዋ ምን ነበር? በዚያን ጊዜ ፔኒሲሊን ገና በሙከራ ላይ ነበር። ዛሬ በማዋለጃ ክፍሎቻችን የሚገኘው ኦክሲቶሲን በላቦራቶሪ የተሠራው ከዚያ ዐሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ ነው።

ዛሬ መድኃኒቱ አለ። መድኃኒት መኖሩ ግን ብቻውን አያድንም። ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ይሰጣል፤ ከቅዝቃዜ ወጥቶ ሙቀት ላይ የከረመ ከሆነ ግን ኃይሉ ይደክማል። ኤርጎሜትሪንም ደም ያቆማል፤ ይሁን እንጂ የደም ግፊቷ ከፍ ላለ እናት ቢሰጥ አደጋ ነው። ስለዚህ ግፊቷን ያልለካ ሰው ያንን ብልቃጥ ሊከፍት አይገባውም። ለሚያንቀጠቅጣት እናት ማግኒዚየም ሰልፌት ሲሰጥም፣ ከሚቀጥለው መርፌ በፊት ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 አለማነሱ፣ ጉልበቷ ሲመታ እግሯ መፈናጠሩ፣ ሽንቷም በሰዓት ከ30 ሚሊሊትር አለማነሱ ይታያል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ መርፌው ይቆያል፣ ሐኪም ይጠራል። የወለደች እናትም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓቶች በየ15 ደቂቃው ትታያለች፤ የደም ግፊቷ ሳይወርድ ትርታዋ ሊፈጥን፣ ፊቷ ሊገረጣ፣ ላብ ሊያጠምቃት ይችላልና። ይህን በጊዜው ያየች ነርስ ሕይወት አተረፈች ማለት ነው።

ትክክለኛ ሕመምተኛ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ መንገድ፣ ትክክለኛ ሰዓት፤ ይህን ሁላችንም በቃላችን እንወጣዋለን። ነገር ግን በአንድ ክፍል ሁለት ፋጡማዎች በተኙበት ቀን ነው ትምህርቱ የሚፈተነው። ፋጡማ ነሽ ወይ ተብላ የተጠየቀች ገጠሬ እናት፣ ሐኪም ቤት የጠየቃትን ላለማሳፈር፣ ወይም ቋንቋው ሳይገባት፣ አዎን ትላለች። ስሟን ከነአባቷ ራሷ እንድትናገር ማድረግ፣ በቋንቋዋም መጠየቅ፣ ከካርዷም ማመሳከር ይገባል። የሰጡትን ወዲያው መጻፍም እንደዚሁ፤ ያልተጻፈ መርፌ በተረኛው ይደገማልና።

የልዕልት ፀሐይ ሥራ በሞታቸው አልተቋረጠም። ለኢትዮጵያ ነጻነት በብዕራቸው የታገሉት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ገንዘብ ከሚያሰባስቡት ጋር ደከሙ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ነርሶችንም አሠለጠነ። በ1951 ዓ.ም. ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሀምሊን የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለማቋቋም የመጡት ወደዚሁ ሆስፒታል ነው። ባልና ሚስቱ በምጥ የተጎዱ እናቶችን እዚያ አዩ፤ በ1960ዎቹ አጋማሽም የፌስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። በእርግዝና ምክንያት የሞቱት ነርስ ስም እናቶች የሚድኑበት ደጅ ሆነ። ያ ሆስፒታል ከአብዮቱ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተብሏል።

የእኛም ሆስፒታል ታሪክ ከዚሁ ዘመን ጋር ይገናኛል። በ1930 ዓ.ም. ገደማ ያሠሩት ልዕልቲቱን ያሰደዷቸው ጣሊያኖች፣ ለገዛ ወታደሮቻቸው ነበር። የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ በ1975 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1992 ዓ.ም. ከግብርናው ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ በእነዚያ አልጋዎች የሚተኙት ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራ የሚመጡ ገበሬዎችና እናቶች ናቸው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ የአገራችን ጥሩ ቡና ለቃሚ ከቅርንጫፉ ላይ ቀዩን ፍሬ ከአረንጓዴው ሳይለይ እጁን አይሰነዝርም። ለአንድ ኪሎ ቡና ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሕዝብ እናቱን ሲያስረክበን ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ ልናሳየው አይገባም። ልዕልት ፀሐይ ዘውድ ካለበት ቤት ወጥተው የሕፃን ትንፋሽ ለመቁጠር ጎንበስ ብለዋል። እኛም መርፌውን ከማንሣታችን በፊት ጎንበስ ብለን እንይ።