የሮበርት ሶቡክዌ ሕይወት

በዚህ እትማችን የምናስታውሰው ሰው እንደ እኛ ተማሪ፣ ኋላም የተማሪዎች መሪ የነበረ ነው።

ሮበርት ማንጋሊሶ ሶቡክዌ በ1924 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በደቡብ አፍሪካ፣ ግራፍ ሬኔት በምትባል ከተማ ከድኻ ቤተ ሰብ ተወለደ። በትምህርቱ ብርቱ ስለ ነበረ ፎርት ሄር ኮሌጅ ገባ፤ በ1949 የተማሪዎች ምክር ቤት ፕሬዚደንት ሆኖ አገለገለ። በ1954 በጆሃንስበርግ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ቋንቋዎች መምህር ሆነ። እንጀራም ክብርም ያለው ሥራ ነበር። አርፎ ቢቀመጥ ማን ይነካው ነበር?

አርፎ አልተቀመጠም። በዚያን ዘመን ጥቁር ሰው በገዛ አገሩ የይለፍ ደብተር ሳይዝ ከተገኘ ይታሰር ነበር። ሶቡክዌ በ1959 ከጓደኞቹ ጋር ፓን አፍሪካኒስት ኮንግረስን አቋቁሞ ፕሬዚደንቱ ሆነ። የመከረውም ሕዝቡ ደብተሩን ቤቱ ትቶ፣ ዱላም ድንጋይም ሳይዝ፣ እጁን ለፖሊስ እንዲሰጥ ነበር፤ ወህኒ ቤቱ ሲሞላ ሕጉ ሥራ ይፈታልና። ሰልፉ ሰላማዊ እንደሚሆን ለፖሊስ አዛዡ አስቀድሞ ጻፈ። ከዩኒቨርሲቲው ሥራውን ለቀቀ። ማርች 21 ቀን 1960 በማለዳ በሶዌቶ ካለው ቤቱ በእግሩ ተነሥቶ ወደ ኦርላንዶ ፖሊስ ጣቢያ ሄደና እጁን ሰጠ።

በዚያው ቀን በሻርፕቪል፣ ባዶ እጁን በፖሊስ ጣቢያ ፊት በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ጥይት ዘነበ። መንግሥቱ ያመነው የሟች ቍጥር 69 ነው፤ በኋላ የተደረገ ጥናት ግን ከዚያ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ብዙዎቹ የተመቱት ከጀርባቸው ነው። ጀርባውን ያዞረ ሰው ይሸሻል እንጂ አያጠቃም። ሆኖም ከተኳሾቹ አንድ እንኳ አልተፈረደበትም፤ የታሰሩት ሰልፈኞቹ፣ የታገዱትም ድርጅቶቻቸው ሆኑ።

ሶቡክዌ ሦስት ዓመት ተፈርዶበት ፈጸመ። ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1963 ሊፈታ ሲል ፓርላማው ፍርዱን የጨረሰ እስረኛ ያለ አዲስ ክስ እንዲቆይ የሚፈቅድ አንቀጽ አወጣ። አንቀጹ በእሱ ስም ተጠራ፤ የሠራውም በእሱ ላይ ነው። በየዓመቱ እየታደሰ ስድስት ዓመት በሮበን ደሴት፣ በአንዲት ቤት ለብቻው ተቀመጠ። ከሌሎች እስረኞች ጋር መነጋገር ክልክል ስለ ነበረ፣ በአጠገቡ ሲያልፉ አፈር ዘግኖ በጣቶቹ መካከል እያፈሰሰ ያሳያቸው ነበር። የማን አገር እንደ ሆነ ማለቱ ነው፤ እነሱም ገባቸው።

በ1969 ከደሴቱ ቢወጣም ወደ ኪምበርሊ ተግዞ በቍጥጥር ሥር ኖረ። የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ሲጠራው እንዳይሄድ ተከለከለ። ሕግ አጥንቶ በ1975 የጥብቅና ቢሮ ከፈተ። በ1978 በሳንባ ካንሰር ሲሞት ዕድሜው 53 ነበር። የይለፍ ሕጉ በ1986 ተሻረ፤ በ1996 የአገሪቱ አዲስ ሕገ መንግሥት የተፈረመውም በዚያው በሻርፕቪል ነው።

ሶቡክዌ ሌላውን ሂድ ከማለቱ በፊት ሥራውን ጥሎ ራሱ ሄደ። የተማረ ሰው ለወገኑ ያለበት ዕዳ በዚህ የሚለካ ይመስለናል።