ቫሲሊ ዶኩቻዬቭ፤ ጥቁሩ አፈርና የጨፋ ረግረግ

አፈርን ከማንም በፊት የሚያውቀው የሚያርሰው ሰው ነው። የወሎ ገበሬ ዋልካውን ከቀዩ፥ ጭንጫውን ከለሙ የሚለየው በእጁ ዳሶ፥ በማረሻው ሞክሮ፥ የክረምቱን ጭቃና የበጋውን ስንጥቅ ተመልክቶ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ዕውቀት ከወረዳ ወደ ወረዳ፥ ከአገር ወደ አገር ተሻግሮ የጋራ መለኪያ ይሆን ዘንድ፥ አፈር ራሱን የቻለ የተፈጥሮ አካል መሆኑን የሚያስረዳ ሳይንስ ያስፈልግ ነበር። የዚህ ሳይንስ መሥራች ተብለው በዓለም የሚታወቁት ሩስያዊው ሊቅ ቫሲሊ ቫሲሊዬቪች ዶኩቻዬቭ ናቸው። ዶኩቻዬቭ ወደ ኢትዮጵያ አልመጡም። ሆኖም እንደ ጨፋ ያለ ውሃ የሚቋጥር የሸክላ አፈር ያለበት ሸለቆ ዛሬ የሚመረመርበት መንገድ በአብዛኛው እርሳቸው የቀየሱት ነው።

ዶኩቻዬቭ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1846 በስሞሌንስክ ግዛት በሚልዩኮቮ መንደር ከአንድ የገጠር ቄስ ቤት ተወለዱ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። እንደ ካህናት ልጆች ሁሉ በመጀመሪያ የተማሩት በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሲሆን፥ የስሞሌንስክን ሴሚናሪ በ1867 ፈጽመው ወደ ፒተርስቡርግ መንፈሳዊ አካዳሚ ተላኩ። በዚያ ግን ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቆይተው ወደ ከተማይቱ ዩኒቨርሲቲ ተሻገሩና የተፈጥሮ ሳይንስ ማጥናት ጀመሩ። በ1871 ትምህርታቸውን አጠናቀው፥ በተከታዩ ዓመት የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምድር ስብስብ ጠባቂ ሆነው ተሾሙ።

የመጀመሪያ ምርምራቸው በወንዞችና በሸለቆዎች ላይ ነበር። በዚያን ጊዜ የሩስያ መንግሥት ዛሬ በቤላሩስና በዩክሬን ውስጥ የሚገኘውን ሰፊውን የፖሌስዬ ረግረግ ለማድረቅ ቆርጦ ተነሥቶ ነበር። በጄኔራል ዢሊንስኪ የሚመራው ጓድም ከ1873 ጀምሮ ቦይ መቆፈር ያዘ። የአገሩ ባለሥልጣናትና ባለርስቶች ረግረጉን የሚያዩት እንደ ባከነ መሬት ነበር። ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ዶኩቻዬቭ ግን በ1875 ስለ ረግረግ መድረቅና በተለይም ስለ ፖሌስዬ አንድ ጽሑፍ አሳትመው ጥያቄውን በሌላ ወገን አነሡት። ረግረግ ወንዞችን ከሚመግበው የውሃ ሥርዓት ተለይቶ የማይታይ ስለሆነ፥ ቦይ ከመቆፈሩ አስቀድሞ ረግረጉ ለአካባቢው ውሃ የሚሰጠው አገልግሎት መመርመር እንዳለበት አመለከቱ። በ1878 ያቀረቡት የምርምር ጽሑፍም የአውሮፓዊት ሩስያ የወንዝ ሸለቆዎች እንዴት እንደተፈጠሩ የሚያስረዳ ነበር።

ይህ ጥያቄ ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። የቦርከና ወንዝ ከደሴና ከኮምቦልቻ አካባቢ ወርዶ ወደ አዋሽ ከመቀላቀሉ በፊት፥ በከሚሴ አጠገብ በተንጣለለው የጨፋ ሸለቆ ውስጥ ይንጣለላል። በኦሮምኛ ጨፌ ማለት ውሃ ያዘለ የለምለም ሣር መስክ ነውና፥ የሸለቆው ስም ራሱ ጠባዩን ይናገራል። ከተራራው የሚወርደው ደለልና ሸክላ በሜዳው ላይ ስለሚረጋ፥ የክረምቱ ውሃ ቶሎ አይሰርግም፥ ቶሎም አይፈስም። በዚህም ምክንያት በዙሪያው ያለው ቆላ በበጋ ሲደርቅ የጨፋ ሣር ይለመልማል፤ የአካባቢው የኦሮሞና ከቆላ የሚወጡ የአፋር አርብቶ አደሮችም ከብቶቻቸውን እየነዱ ይመጡበታል። በሌላ በኩል ግን የእርሻና የመስኖ ፍላጎት እያደገ በመሄዱ ረግረጉ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጠበበ መጥቷል። ከላይ ካለው ከኮምቦልቻ ከተማና ከፋብሪካዎቹ የሚወጣው ፍሳሽም በዚያው ወንዝ ወደ ታች ይወርዳል። ለገበሬው ያልታረሰ መሬት የሆነው ለአርብቶ አደሩ የክፉ ቀን መጠባበቂያ ነው።

ዶኩቻዬቭን ታላቅ ያሰኛቸው ሥራ የተጀመረው በድርቅ ምክንያት ነው። በ1873 እና በ1875 የደረሰው ድርቅ የሩስያን የእህል ጎተራ ስለጎዳ፥ ነፃ የኢኮኖሚ ማኅበር የተባለው ድርጅት ቼርኖዜም የሚባለውን ጥቁር አፈር እንዲያጠኑ ኃላፊነቱን ለእርሳቸው ሰጠ። ዶኩቻዬቭም በ1877 እና በ1878 የበጋ ወራት አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል በጥቁሩ አፈር ቀበቶ ተዘዋወሩ። በየደረሱበት ጉድጓድ እያስቆፈሩ፥ የአፈሩን ንብርብር ከላይ እስከ ታች እየለኩ፥ ናሙና እየወሰዱ መዘገቡ። ውጤቱ በ1883 የሩስያ ቼርኖዜም በሚል ርእስ ታተመ፤ በዚሁም መጽሐፍ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ።

ከዚያ በፊት የሥነ ምድር ሊቃውንት አፈርን የደቀቀ ድንጋይ፥ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ደግሞ የተክል ምግብ ማከማቻ አድርገው ይመለከቱት ነበር። ዶኩቻዬቭ ያስተማሩት ግን አፈር የአምስት ነገሮች የጋራ ልጅ መሆኑን ነው፤ እነርሱም የአየር ንብረት፥ መነሻ የሆነው ድንጋይ ወይም ደለል፥ ሕይወት ያላቸው ነገሮች፥ የመሬቱ አቀማመጥና ዘመን ናቸው። ከአምስቱ አንዱ ሲለወጥ አፈሩም ይለወጣል። ስለዚህ አፈርን ለማወቅ የላዩን ቀለም ማየት አይበቃም፤ ትውልዱን መመርመር ያስፈልጋል።

የዚህ ትምህርት ጥቅም የሩስያን ጥቁር አፈር ከኢትዮጵያ ዋልካ ጋር ሲያስተያዩት ጎልቶ ይታያል። ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ቼርኖዜም ግን ጥቁረቱን ያገኘው በቀዝቃዛው ሜዳ ላይ ለሺህ ዓመታት ከበሰበሰ የሣር ሥር ስለሆነ ልል ነው፥ ውሃም ያሳልፋል። ዋልካ ጠቁሮ ቢታይም ብስባሹ እንደ ቼርኖዜም የበዛ አይደለም፤ ጠባዩን የሚወስነው ሲርስ የሚያብጥ፥ ሲደርቅ የሚኮማተር የሸክላ ዓይነት ነው። በክረምት ውሃውን ከላዩ ያቁራል፤ በበጋም እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በኢትዮጵያ ዋልካና መሰሎቹ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሸፍኑ ይገመታል። ገበሬውም ይህን ጠባይ ስለሚያውቅ ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቆ በቀሪው እርጥበት ሽንብራና ጓያ ይዘራል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢም ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ አፈሩን በእጃቸው ከፍ ያለ መደብ እያደረጉ ውሃው በመካከሉ እንዲወርድ ያደርጋሉ። ቀለሙን ብቻ አይቶ የአንዱን አፈር አያያዝ ለሌላው የሚያዝዝ ባለሙያ ግን ሁለቱንም ይስታል።

ዶኩቻዬቭ ዕውቀታቸውን በመጽሐፍ ብቻ አላስቀሩትም። በ1882 የኒዥኒ ኖቭጎሮድ ክፍለ ሀገር የመሬት ግብሩን በትክክል ለመመደብ ፈልጎ በጠራቸው ጊዜ፥ ግብር ከመጣሉ በፊት አፈሩ በተፈጥሮ ጠባዩ እንዲመዘን አደረጉ። ከ1888 ጀምሮም በፖልታቫ ተመሳሳይ ሥራ መሩ። ሲቢርትሴቭ፥ ግሊንካና ቬርናድስኪ የተባሉት ወጣቶች በእነዚህ ጉዞዎች ሠልጥነው ኋላ ስመ ጥር ሆነዋል። በ1889 በፓሪስ የዓለም ኤግዚቢሽን የቀረበው የሩስያ አፈር ስብስብ የወርቅ ሜዳልያ አገኘ።

በ1891 ሩስያን እንደገና ድርቅ መታት፤ ብዙ ሕዝብም በረሃብ አለቀ። ዶኩቻዬቭ በ1892 ስለ ሩስያ ሜዳዎች ጥንትና ዛሬ የሚተርክ መጽሐፍ አሳትመው ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ለተራቡት እንዲሰጥ አደረጉ። በመጽሐፉም ድርቁ የሰማይ ቁጣ ብቻ እንዳልነበረ፥ ደኑ ተመንጥሮ፥ ሣሩ ታርሶ፥ ሸለቆው ተሸርሽሮ ምድሪቱ ውሃ የመያዝ ኃይሏን እንዳጣች አስረዱ። በዚያው ዓመት የተቋቋመውን ልዩ የምርምር ጓድ እየመሩም በቮሮኔዥ ግዛት በካሜንናያ ሜዳ የነፋስ መከላከያ ዛፎች አስተከሉ፥ የውሃ ማቆሪያዎችም አሠሩ። የዛፎቹ መስመሮች ከመቶ ዓመት በኋላም ቆመው ይታያሉ። በጓዱ ውስጥ ከሠሩት አንዱ ጊዮርጊ ቪሶትስኪ በ1905 ግሌይ የሚለውን ቃል ወደ ሳይንሱ አስገቡ። ይህም ውሃ ተኝቶበት አየር ያጣውን፥ ወደ ግራጫና ሰማያዊ የሚያደላውን የሸክላ አፈር የሚያመለክት ስያሜ ነው፤ ብዙው የረግረግ አፈር ዛሬ የሚታወቀው በዚሁ ምልክት ነው።

ዶኩቻዬቭ ከ1892 እስከ 1895 ዛሬ በፖላንድ የሚገኘውን የኖቮ አሌክሳንድሪያ የእርሻና የደን ተቋም አስተዳደሩ። በ1894 ራሱን የቻለ የሥነ አፈር ክፍል በዚያ ተከፍቶ ሲቢርትሴቭ እንዲመሩት ሆነ። ይሁን እንጂ የድካም ብዛት ጤናቸውን ጎዳው። በ1897 የሥራም የሕይወትም አጋራቸው የነበሩት ባለቤታቸው አና በሞት ሲለዩአቸው ኀዘኑ ሰበራቸው። ጥቂት አገግመው ወደ ካውካሰስ ተጉዘው፥ በ1899 ስለ ተፈጥሮ ቀጠናዎች ያላቸውን ትምህርት አሳተሙ። ቀጥሎ ግን ሕመሙ ተመለሰባቸው። ተተኪያቸው ሲቢርትሴቭም በ1900 በለጋ ዕድሜያቸው አረፉ። ዶኩቻዬቭ በ1903 በፒተርስቡርግ በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ዐርፈው ከባለቤታቸው አጠገብ ተቀበሩ።

ትምህርታቸው ወደ ምዕራቡ ዓለም በሰፊው የደረሰው ከሞቱ በኋላ ነው። ግሊንካ በ1914 በጀርመንኛ ያሳተሙትን መጽሐፍ አሜሪካዊው ከርቲስ ማርበት ወደ እንግሊዝኛ መለሱት፤ በ1927ም የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሥነ አፈር ጉባኤ በዋሽንግተን ተሰበሰበ። በ1970ዎቹ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከዩኔስኮ ጋር ባዘጋጀው የዓለም አፈር ካርታ ላይም ቼርኖዜምና ግሌይ ከዋልካው ጎን ለጎን በየስማቸው ሰፍረዋል።

ዶኩቻዬቭ ለሙያው ያወረሱት አንድ ጥብቅ ሥርዓት አለ። በጨፋ ቦይ ለመቆፈርም ሆነ ሣሩን ለከብት ለመጠበቅ የሚወስን ሰው፥ አስቀድሞ ተራራውን፥ ወንዙን፥ ሸክላውን፥ ሣሩንና የሚሰማራበትን ከብት በአንድነት ማየት ይገባዋል። ውሃ የሚይዝ ሸክላ ለስንዴ እንከን ቢሆን፥ በየካቲትና በመጋቢት ለተራበ መንጋ ሕይወት ነው። ከቦይ ጋር የሚፈሰው ውሃ ከአፈሩ ጋር የሣሩን ሥር ያደርቃል፤ የደረቀውንም ረግረግ መልሶ ማራስ ከማድረቁ ይልቅ እጅግ ይከብዳል።