ካርል ኮረንስና የአረንጓዴ ቅጠል ውርስ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር በቆሎ የሚዘራ ገበሬ ሁሉ የዲቃላን ዘር ጠባይ ያውቃል፤ ከምርቱ መልሶ ቢዘራ አዝመራው እንደ መጀመሪያው አይሆንም። የዚህን ምክንያት ለዓለም ከገለጡት ሊቃውንት አንዱ ካርል ኮረንስ ስለ ሆነ፥ ታሪኩን ባጭሩ ልናቀርብላችሁ ወደድን። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኮረንስ በ1864 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ እናትና አባቱ ስለ ሞቱበት በስዊስ አገር አክስቱ አሳደገችው። ኋላም በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ በቆሎና አተር እያዳቀለ ብዙ ደክሞ የውርስን ሕግ አገኘ። ነገር ግን ግሬጎር ሜንደል የተባለ መነኩሴ ይህንኑ በ1866 ዓ.ም. አሳትሞት ኖሯል። ኮረንስ ክብሩን ለራሱ ሳያደርግ፥ በ1900 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ርእስ ላይ የሜንደልን ስም አኖረ።

እኛ ግን አብልጠን የምናደንቀው በ1909 ዓ.ም. ያደረገውን ነው። በጎጃም እስከ 1975 ዓ.ም. ድረስ ሰው በእናቱም በአባቱም በኩል ርስት ይጠይቅ ነበረ፤ የሜንደልም ሕግ እንዲሁ ከሁለቱም ያወርሳል። ኮረንስ ራሱ ያስከበረውን ይህን ሕግ የሚያፈርስ ነገር በአንዲት አበባ ላይ አየ። ፈረንጆች የአራት ሰዓት አበባ ይሏታል፤ በኛ አቆጣጠር ዐሥር ሰዓት መሆኑ ነው። አንዳንዷ ተክል አረንጓዴ፥ ነጭና ዝንጉርጉር ቅርንጫፍ ነበራት። የአበባውን ብናኝ ከየትኛውም ቅርንጫፍ ቢያመጣ፥ ልጆቹ የእናታቸውን ቅርንጫፍ መልክ ተከተሉ። ከነጩ የበቀሉት አረንጓዴ ስለሌላቸው ምግብ መሥራት ተስኗቸው ሞቱ። ነገሩን ሳይደብቅ ጽፎ አወጣው።

ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርጉት ክሎሮፕላስት የሚባሉ ጥቃቅን አካላት የራሳቸው ዲ.ኤን.ኤ. እንዳላቸው ያን ጊዜ አይታወቅም ነበረ። ኮረንስ በ1933 ዓ.ም. በበርሊን ሞተ፤ ያላሳተማቸው ጽሑፎቹም በጦርነቱ ጊዜ በ1945 ዓ.ም. ጠፉ።

ከሞተ ከኀምሳ ዓመት በኋላ፥ በ1980ዎቹ ዓመታት፥ ሊቃውንት በሰሜን አሜሪካ የፓይንን ዛፍ መረመሩ። ፓይን በየቤተ ክርስቲያናችን ቅጽር ለሚገኘው ጥድ የሩቅ ዘመድ ነው። ሁለት ልዩ ልዩ ዝርያዎች ሲዳቀሉ የወላጆቹ ክሎሮፕላስት ዲ.ኤን.ኤ. ስለሚለያይ፥ ልጁ የማንን እንደ ያዘ መለየት ይቻላል። ዲቃላዎቹ የአባታቸውን ይዘው ተገኙ! ብናኙም በነፋስ ሲበር የአባትን ክሎሮፕላስት ዘር ወድቆ ከማይደርስበት ስፍራ ያደርሳል፤ ሁለት ዝርያ በሚጎራበቱበት ደን የትኛው ዛፍ አባት እንደ ሆነ ዛሬ በዚሁ ምልክት ይመረመራል።