የሑጃጁን ጥም ያሳሰባቸው ዙበይዳ
የኸሊፋ አል-መንሱር የልጅ ልጅና የሃሩን አር-ረሺድ ባለቤት ዙበይዳ ለሐጅ መካ ሲደርሱ የሑጃጁ የውኃ እጦት እጅግ አሳሰባቸው። ዛሬ ጀርወል በሚባለው ሰፈር የሚገኘው የጡዋ ጉድጓድና መሰሎቹ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚበቁ አልነበሩም። ወጪው ከባድ መሆኑ ሲነገራቸው፣ እያንዳንዱ የመዶሻ ምት አንድ ዲናር ቢያስወጣ እንኳ ቦዩ እንዲቆፈር ማዘዛቸው ይተረካል። ውኃው ከሑነይንና ከኑዕማን ሸለቆ ተጠለፈ።

እመቤቲቱ እ.ኤ.አ. በ831 ባግዳድ ውስጥ አረፉ፤ ዐይን ዙበይዳ ግን ሌላ ፈተና ነበረበት፤ ደለል። ዐይን የማያየው የሸክላ ብናኝ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው እርስ በርሱ ይገፋፋል፤ ውኃው ጨው ሲበዛበት ግፊያው ይዳከምና ብናኙ እርስ በርሱም ከግድግዳውም ይጣበቃል። በፀጉር በሚቀጥን ቱቦም ቢሆን ሕጉ ያው ነው። ቦዩ ያለ ጠራጊና አዳሽ አልዘለቀም፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኦቶማኗ ልዕልት ሚህሪማህ ወጪውን ሸፍነው አሳደሱት።