የሚቀልጠውን ጎማ ያጸናው ሰው

በዛሬው ዓምዳችን የቻርልስ ጉድይርን የሕይወት ታሪክ እናቀርባለን። ይህን ስም በመኪና ጎማ ላይ ተጽፎ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ኩባንያው የተቋቋመው ሰውየው ከሞተ ከ38 ዓመት በኋላ፣ በ1898 ነው። ስሙ ለመታሰቢያ ተሰጠ እንጂ እሱም ሆነ ቤተሰቡ ከኩባንያው ጋር ግንኙነት አልነበራቸውም። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጉድይር በ1800 በአሜሪካ፣ በኮኔቲከት ግዛት፣ በኒው ሄቨን ከተማ ተወለደ። አባቱ የልብስ ቁልፍና የእርሻ መሣሪያ እያሠራ የሚሸጥ ሰው ነበር። ልጁም አድጎ በፊላደልፊያ ከተማ የብረታ ብረት ዕቃ መደብር ከፈተ፤ ነገር ግን በ1830 አካባቢ ከሰረ። በዚያን ዘመን ባለዕዳ ይታሰር ስለነበር ወህኒ ወረደ። ከዚያም ወዲህ በዕዳ ምክንያት ደጋግሞ ታስሯል።

በ1834 ኒው ዮርክ ውስጥ ወደ አንድ የጎማ ዕቃ መሸጫ ገባ። እዚያ ያየው በአየር የሚነፋ የነፍስ አድን ቀበቶ ነበር። የአየር ማስገቢያው ጥሩ አይደለም ብሎ የተሻለ ሠርቶ ተመለሰ። የመደብሩ ኃላፊ ግን ጭንቀቱ ሌላ ነበር፦ ጎማው ራሱ በበጋ ይቀልጣል፣ ይሸታል፤ በክረምት ደግሞ ድርቅ ብሎ ይሰነጠቃል። ገዢዎች ዕቃውን እየመለሱ ፋብሪካዎቹ ሊዘጉ ደርሰዋል። ጉድይር ኬሚስትሪ አልተማረም፣ ገንዘብም የለውም። ቢሆንም ይህን ችግር እኔ እፈታዋለሁ ብሎ ተነሣ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ነገሩን እናብራራ። ጎማ ከዛፍ የሚቀዳ፣ ወተት የሚመስል ፈሳሽ ሲደርቅ የሚገኝ ነው። ውስጡ ትናንሽ ሞለኪዩሎች በሺህ እየተቀጣጠሉ የሠሯቸው ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው፤ ፖሊመር የምንላቸው። ሰንሰለቶቹ እንደ ተፈታ ልቃቂት ተዘበራርቀው ይተኛሉ እንጂ አንዱ ከሌላው ጋር አልታሰረም። ስለዚህ ሙቀት ሲነካቸው አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ ጎማውም ይልሞሰሞሳል። ታዲያ ይህን ጉድይር አያውቅም ነበር። እሱ ብቻ ሳይሆን ማንም አያውቅም። ስለ ረጃጅሞቹ ሰንሰለቶች ጀርመናዊው ሄርማን ሽታውዲንገር የጻፈው በ1920 ነው፤ ያን ጊዜ ጉድይር ከሞተ 60 ዓመት ሆኖታል።

ስለዚህ የነበረው መንገድ መሞከር ብቻ ነው። ጎማውን ከማግኒዥያ ጋር ለወሰው፤ በኖራ ቀቀለው፤ በናይትሪክ አሲድ አጠበው፤ ከአሲዱ በወጣው ጋዝም ታፍኖ ሊሞት ነበር። አሲዱ የጎማውን ላይኛውን ገጽ ብቻ አሻሻለ። በዚያ ዘዴ ለመንግሥት የሠራቸው የፖስታ ከረጢቶች ሙቀት ሲመጣ ቀልጠው ተበላሹ። ቀጥሎ ናትናኤል ሄይዋርድ የተባለ ሠራተኛ ጎማን ከድኝ ጋር ቀላቅሎ በፀሐይ ሲያደርቅ አየና ዘዴውን ገዛው።

በ1839 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በዎበርን ከተማ፣ ድኝ ያለበት ጎማ የጋለ ምድጃ ላይ አረፈ። ይቀልጣል ሲባል እንደ ቆዳ ጠነከረ፤ ዳሩም ሳይደርቅ እየተለጠጠ የሚመለስ ሆነ። ብዙ ጊዜ ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃና ዕድለኛ ሰው ተብሎ ይታለፋል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ያንን ጎማ ሌላ ሰው ቢያየው ተቃጠለ ብሎ ይጥለው ነበር። ጉድይር አምስት ዓመት ሙሉ ሲጠይቅ ስለቆየ መልሱን ሲያየው አወቀው። ከዚያም ስንት ድኝ፣ ስንት ሙቀት፣ ስንት ሰዓት የሚለውን ለመለየት ሌላ አምስት ዓመት ፈጀበት፤ የአሜሪካን የፈጠራ መብት ያገኘው በ1844 ነው።

ምድጃው ላይ የሆነው ምንድን ነው? ሙቀቱ ድኙን ከጎማው ሰንሰለቶች ጋር አዋሐደው። ድኙም በሰንሰለቶቹ መካከል ድልድይ ሠራ። የተበታተነው ልቃቂት መረብ ሆነ ማለት ነው። ሲጎተት ይለጠጣል፣ ሲለቀቅ ይመለሳል፣ ሲሞቅ አይቀልጥም። ድኙ ሲበዛ ድልድዩም ይበዛና ጎማው እንደ ቀንድ ይጠነክራል።

ይህንን ክፍል ውስጥ ማሳየት ይቻላል። ነጭ ኮላ በውኃ አቅጥነን በውኃ የሟሟ ጥቂት ቦራክስ ብንጨምርበት ወዲያው ዝልግልግ ያለ ነገር ይሆናል። ቦራክሱም በኮላው ሰንሰለቶች መካከል ድልድይ ይሠራል። ልዩነቱ ይህ ድልድይ ደካማ መሆኑ ነው፤ ይፈርሳል፣ ተመልሶ ይሠራል። ስለዚህ ሲተዉት ቀስ ብሎ ይፈሳል፣ ድንገት ሲጎትቱት ይበጠሳል። (ቦራክስ ወደ አፍና ወደ ዓይን እንዳይገባ ተጠንቅቀን፣ በመጨረሻም እጃችንን እንታጠብ።) የድኙ ድልድይ ግን በቀላሉ አይፈርስም። ያረጀ የመኪና ጎማ እንደ ሰም ቀልጦ እንደገና የማይቀረጸው ለዚህ ነው። በረባሶ ሠሪዎቻችንም ጎማውን በቢላዋ ቆርጠው ይሰፉታል እንጂ አያቀልጡትም።

ወደ ሰውየው እንመለስ። በእንግሊዝ አገር ቶማስ ሃንኮክ ቀድሞት መብቱን በስሙ አስመዘገበ። በአሜሪካም ብዙዎች ዘዴውን ያለፈቃድ ሠሩበት። በ1852 ዳንኤል ዌብስተር የተባለው ዝነኛ ጠበቃ ተሟግቶለት ረታ፤ ሆኖም ዕዳው አልቀለለም። በ1855 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ በተሸለመበት ዓመት፣ እዚያው ፓሪስ በዕዳ ታሰረ። በ1860 ኒው ዮርክ ውስጥ ሲሞት 200,000 ዶላር ያህል ዕዳ ነበረበት።

የከፈለው እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪኩን በአድናቆት ብቻ እንዘጋው ነበር። ግን ሚስቱ ክላሪሳ ከወለደቻቸው ልጆች በርካቶቹ በሕፃንነታቸው ሞቱ። ቤቱ ዳቦ ሲያጣ የልጆቹን የትምህርት መጻሕፍት ሳይቀር ሸጧል። መምህር ለምንሆን ሰዎች ይህ ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ነገ ክፍል ቆመን ስለ ጎማ ስናስተምር ምድጃውን ብቻ አንናገር። ከምድጃው በፊትና በኋላ ያለፉትን አሥር ዓመታትም እንናገር፤ የተሸጡትንም መጻሕፍት አንደብቅ። ተማሪዎቻችን ጽናት ምን እንደሚያስገኝ ብቻ ሳይሆን፣ ዋጋውን ማን እንደሚከፍልም ሊጠይቁ ይገባል።