ከማንበቢያ ምንባብ ወደ መድረክ፦ ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን እንደ እንግሊዝኛ አንባቢ

ስለ ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ሲጻፍ ባለቅኔነታቸውና ጸሐፌ ተውኔትነታቸው መቅደሙ የተለመደ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚያተኩረው ከሁለቱም በፊት በነበረው በአንባቢነታቸው ላይ ነው። ፀጋዬ እንግሊዝኛን በተማሪነት ዘመናቸው በምን ዓይነት የንባብ ልማድ ተቀበሉት? የሚለው ጥያቄ ለሥነ ጽሑፍ ታሪክ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ዛሬም ቢያንስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ምንባብ አንብቦ መረዳት ያቃተው ተማሪ የሚወድቀው በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን በታሪክም በባዮሎጂም ነው። ከምንባብ ሥር የተደረደሩ ጥያቄዎችን መመለስ እንደ ልምምድ ሲሰጥ ኖሯል፤ አሁንም ይሰጣል። ልምምዱ ምን ዓይነት አንባቢ ያፈራል የሚለውን ለመመርመር ንባቡ ወዴት እንዳደረሰው በግልጽ የሚታይ የአንድ ሰው ሕይወት ጥሩ ማስረጃ ይሆናል።

ፀጋዬ ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ከገባ ገና አራት ወር አልሞላም ነበር። አባታቸው ሮባ ቀዌሳ ኦሮሞ፣ እናታቸው ፈለቀች ከአንኮበር የመጡ አማራ ናቸው። ስለዚህ ልጁ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት አንድን ነገር በሁለት ቋንቋ መጥራት ያውቅ ነበር። እንደ አካባቢው ልጆች ከብት እየጠበቁ፣ በቤተ ክህነት ትምህርት ቤትም ግዕዝና ቅኔ እየቀመሱ አደጉ።

ይህ የቤተ ክህነት ትምህርት በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል፤ መታለፍ ግን አልነበረበትም። ግዕዝ ለማንኛውም ተማሪ የቤት ቋንቋ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ማንም በማይነጋገርበት ቋንቋ የተጻፈን ቃል ያነባል፣ ይተረጉማል፣ ያርማል፣ በመጨረሻም በዚያው ቋንቋ የራሱን ይቀኛል። ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ወደ መወድስ ሲያድግ በየደረጃው የሚጠየቀው ቃሉ በላዩ ምን ይላል፣ በውስጡስ ምን ይዟል የሚል ነው። ሰሙን ብቻ የያዘ ተማሪ አልገባውም ይባላል፤ ወርቁን ይዞ ሰሙን የጣለም እንዲሁ። በመጻሕፍት ቤት ደግሞ የትርጓሜ መምህሩ አንድ ንባብ ይዞ አንድም እያለ ፍቺ በፍቺ ላይ ይደርባል። በዘመኑ የትምህርት ቋንቋ ብንገልጸው ይህ የተሟላ የሁለተኛ ቋንቋ አንብቦ የመረዳት ሥርዓት ነው፤ ያውም መልሱን ከአራት አማራጮች የማያስመርጥ። የእንግሊዝኛ ትምህርት ወደ አገር ሲገባ ከዚህ ሥርዓት ጋር ሳይተዋወቅ ጎን ለጎን መኖሩ ምናልባት ከትምህርት ታሪካችን ትልልቅ ብክነቶች አንዱ ነው።

ፀጋዬ በአምቦ ትምህርት ቤት ሳሉ፣ በአሥራ ሦስት ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ፣ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች የሚናገር ተውኔት ጻፉ። ተውኔቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ታይቷል። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ትኩረት የሚስበው የንጉሡ መገኘት ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ ግን የሚበልጠው ርእሱ ነው። ዲዮኒስዮስ የጥንቷ ሲራኩስ ገዥ ሲሆን፣ አንዱ ለሌላው ነፍሱን መያዣ አድርጎ ስለ ሰጠባቸው ሁለት ወዳጆች የሚነገረው የታወቀ ተረት ከእሱ ስም ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ተረት ለልጆች በተዘጋጁ የእንግሊዝኛ ማንበቢያዎች ውስጥ በብዛት ይገኝ ነበር። ርእሱ የሚያመለክተው ይህንኑ ተረት ከሆነ፣ ልጁ ያደረገው ነገር ግልጽ ነው፤ ሌላው ተማሪ ጥያቄ ሊመልስበት የሚያነበውን ዓይነት ምንባብ ወስዶ በሰው አፍ እንዲነገር አደረገው። ጓደኞች ወንድማማቾች መሆናቸው እንኳ ራሱ ፍቺ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጄኔራል ዊንጌት ነው። ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1946 በአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ፣ ኋላ የጳውሎስ ሆስፒታል ከተሠራበት ብዙ ሳይርቅ፣ በብሪቲሽ ካውንስል ድጋፍ ተከፈተ። ስሙን ያገኘው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር አዲስ አበባ ከገባውና እ.ኤ.አ. በ1944 በሕንድ ምድር በአውሮፕላን አደጋ ከሞተው መኮንን ከኦርድ ዊንጌት ነው። የጉለሌ ኮረብታ ያኔ ከከተማው ዳር የራቀ ነበር፤ ባሕር ዛፉም ከሕንፃው ይበዛ ነበር። እንግሊዛውያን መምህራን ያስተምሩበት በነበረው በዚያ ግቢ እንግሊዝኛ የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ሳይሆን የውሎ ቋንቋ ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ የተመረጡ ልጆች የተለያየ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ይዘው መጥተው በባዕድ ቋንቋ ይፎካከሩ ነበር። ፀጋዬ በዚህ ትምህርት ቤት እንግሊዛዊ የሥነ ጽሑፍ መምህራቸው ወደ ግጥምና ድራማ ያላቸውን ዝንባሌ እንዳበረታታላቸው በሕይወት ታሪካቸው ተመዝግቧል።

በዘመኑ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ላይ ትልቅ ተጽዕኖ የነበረው የካምብሪጁ መምህር አይ. ኤ. ሪቻርድስ ነው። ሪቻርድስ ለተማሪዎቹ የደራሲ ስም የተነሣላቸው ግጥሞች ሰጥቶ የጻፉትን አስተያየት ሰበሰበ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ ይፋ አደረገ። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሆነ፣ በታላቅ ዩኒቨርሲቲ የተቀመጡ ተማሪዎች የግጥሙን ግልጽ ትርጉም እንኳ በብዛት ስተው ተገኙ። ቃላቱን ማወቅ መረዳት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል። ከዚያ በኋላ በብዙ ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው ዘዴ አጭር ጽሑፍን ደጋግሞ፣ ቃል በቃል፣ ቃና ከቃና ለይቶ ማንበብ ሆነ። ከቅኔ ቤት ለመጣ ልጅ ይህ ባዕድ ሊሆንበት አይችልም። አዲስ የሆነው ቋንቋው እንጂ የማንበቡ ሥራ አልነበረም።

ከዊንጌት ወደ አዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተዛውረው፣ ቀጥሎም በቺካጎው ብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት ሕግ አጠኑ። ሕጉ በሕይወታቸው ውስጥ ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ ቴአትር ለማጥናት ወደ አውሮፓ ተሻግረው በለንደን ሮያል ኮርት ቴአትርና በፓሪስ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ቆዩ። ሮያል ኮርት ከጥቂት ዓመታት በፊት የጆን ኦስቦርንን ተውኔት አሳይቶ የእንግሊዝን መድረክ ያናወጠ ቤት ነበር፤ ከሳሎን ቋንቋ ይልቅ ተራው ሰው በቁጣ የሚናገረው ቋንቋ መድረክ ላይ የወጣበት። ኋላ ፀጋዬ በየከርሞ ሰውና በሌሎች ሥራዎቻቸው የከተማ ድሃን አንደበት መድረክ ላይ ማውጣታቸው ከዚህ ቆይታ ጋር ሊያያዝ ይችላል።

ወደ አገር ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የኪነ ጥበብ ኃላፊነት ያዙ። ሼክስፒርን ወደ አማርኛ የመለሱትም በዚህ የሥራ ዘመን ነው፤ ኦቴሎን፣ ማክቤዝን፣ ሐምሌትን። የአንባቢነታቸው ፈተና የሚለካው እዚህ ላይ ነው። የምንባብ ጥያቄ የሚመልስ ተማሪ ያልገባውን ዐረፍተ ነገር ዘልሎ ማለፍ ይችላል፤ ጥያቄ ካልወጣበት ማንም አያውቅበትም። ተርጓሚ ግን የሚዘልለው መስመር የለውም። ተዋናዩ ማታ መድረክ ላይ ቆሞ የሚናገረው ያንኑ የተዘለለውን ነው።

ማክቤዝ ለዚህ ተስማሚ ምሳሌ ነው። ተውኔቱ የሚሽከረከረው በጠንቋዮቹ ሁለት ፍቺ ባለው ትንቢት ላይ ነው። ማክቤዝ ዱር ከቦታው ተነቅሎ እስኪመጣበት ድረስ እንደማይሸነፍ፣ ከሴት የተወለደ እንደማይጎዳው ሲነገረው በላዩ የተባለውን ይዞ ደስ ይለዋል። ወታደሮች ቅርንጫፍ ቆርጠው ተሸክመው ሲመጡ፣ ጠላቱም በምጥ ሳይሆን ከእናቱ ማኅፀን ተቀድዶ የወጣ መሆኑን ሲሰማ ያልተረዳው ምን እንደሆነ ይገለጥለታል። ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህ የታወቀ ነገር ነው፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ያልመረመረ ሰው መጨረሻ። በእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል የድራማ ምጸት ተብሎ የሚብራራው ነገር በአማርኛ ያለ ማብራሪያ ይደርሳል። ፀጋዬ ከእነዚህ ተውኔቶች ጋር በቀላሉ መቀራረባቸው የሼክስፒር ዓለም አቀፍነት ተደርጎ መቆጠሩ የተለመደ ነው፤ እኩል ሚዛን ያለው ምክንያት ግን አንባቢው ይዞት የሄደው የፍቺ ልማድ ነው።

ኦቴሎ ሌላ ችግር ነበረው። በለንደን መድረክ የኦቴሎ ጥቁርነት በዓይን ይታያል፤ በአዲስ አበባ መድረክ ግን ሁሉም ተዋናዮች ኢትዮጵያውያን ናቸው። በእንግሊዝኛው ቆዳ የሚሸከመውን ልዩነት በአማርኛው ንግግር ብቻ መሸከም ይኖርበታል፤ ማን ማንን አንተ እንደሚል፣ ማን ማንን እርስዎ እንደሚል፣ ዘለፋው በየትኛው ቃል እንደሚወድቅ። በዘመኑ እንግሊዝኛ አንድ የሆነው መጠሪያ በአማርኛ ወደ አንተ፣ አንቺና እርስዎ ሲከፈል ተርጓሚው በእያንዳንዱ ንግግር ስለ ተናጋሪዎቹ ግንኙነት መወሰን አለበት። ከዚህ የጠለቀ አንብቦ የመረዳት ጥያቄ ማውጣት አይቻልም።

የስንኙም ነገር አለ። በአማርኛ ግጥም የተለመደው ወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም እየቆጠረ የሚሄድ ነው። ፀጋዬ ስምንት ስምንት ቀለም የሚሄደውን ረዘም ያለ ምት አዘውትረው ስለ ተጠቀሙበት ዛሬ የፀጋዬ ቤት ተብሎ በስማቸው ይጠራል። ረጅሙን ስንኝ የፈጠረው የትርጉሙ ሥራ ነው ብሎ መደምደም ያስቸግራል። የሼክስፒርን ረጅም ሐሳብ በአጭር ስንኝ ማሰር ለሞከረ ሰው ግን ተጨማሪ ቀለም የመፈለጉ ምክንያት አይሰወርም፤ በዚህ ነጥብ ላይ የትርጉሞቹንና የእሳት ወይ አበባን ስንኞች ጎን ለጎን የሚቆጥር የድኅረ ምረቃ ጥናት ብዙ ሊያወጣ ይችላል።

ፀጋዬ እንግሊዝኛን ማንበብ ብቻ ሳይሆን ጽፈውበታል። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመላቸው በኦዳ ዋርካ ተውኔት ሻንካ የተባለ ወጣት የመጀመሪያ ልጁን ለአያት ቅድመ አያቶች መንፈስ እንዲሠዋ በጠንቋዩ ይታዘዛል። ልጅ ላለመውለድ ሲል ሙሽራውን ኡኩቴን አይቀርባትም። ጓደኛው ጎአ ደግሞ ከባዕዳን ዘንድ ቆይቶ፣ ትምህርታቸውን ተምሮ የተመለሰ ነው፤ ኡኩቴ የምታረግዘውም ከእሱ ነው። ጎአ ባዕዳኑን ያውቃል፣ መንደሩን ያውቃል፣ በሁለቱም ዘንድ ሙሉ ሰው አይደለም። የባዕድ ቃል አንብቦ ወደ ቀዬው የተመለሰ ሰው ምን ይደርስበታል የሚለው ጥያቄ በዊንጌት ግቢ ለተቀመጠ ተማሪ ሁሉ የቀረበ ነበር። ተውኔቱ መልስ አይሰጠውም፤ ሰውየውንም አያድነውም።

እ.ኤ.አ. በ1966 በሠላሳ ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተቀበሉ። በአብዮቱ ማግስት ከታወቁላቸው ሥራዎች አንዱ ሀ ሁ በስድስት ወር ነው፤ ርእሱ ራሱ ፊደል ስለ መቁጠር ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ሲመሠረትም ድርሻ ነበራቸው። የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. ለኩላሊት ሕመም ሲታከሙ በቆዩበት በኒው ዮርክ አርፈው በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

የጄኔራል ዊንጌት ግቢ ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው፤ ብየዳና ኤሌክትሪክ ይማሩበታል። በአካባቢው ባሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለብሔራዊ ፈተና ሲዘጋጁ የያለፉትን ዓመታት ምንባቦች ያነባሉ። አብዛኞቹ መጀመሪያ ጥያቄውን አይተው መልሱን ለማደን ወደ ምንባቡ ይመለሳሉ፤ ጊዜ ለመቆጠብ ይህ ዘዴ ይሠራል፣ መምህራኑም ይመክሩታል። ከአንድ ምንባብ ላይ አንድ አንቀጽ ወደ አማርኛ ወይም ወደ ኦሮምኛ እንዲመልሱ፣ ወይም በሁለት ሰዎች ንግግር እንዲያሳዩት የሚጠይቅ ልምምድ ግን በፈተናው ነጥብ የለውም።