ሊዩ ያሎው፦ በትውስት ክንፍ የጀመረው የቻይና አየር ኃይል

ኦክቶበር 1 ቀን 1949 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ምሥረታ በቲያናንመን አደባባይ ሲታወጅ፣ በሰልፈኛው ሕዝብ ራስ ላይ ያለፉት አውሮፕላኖች አሥራ ሰባት ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ ለበዓሉ ክብር ስላነሰ፣ ከፊት የነበሩት ዘጠኝ ፒ-51 ተዋጊዎች ዞረው ከሰልፉ ጭራ እንዲገቡና ዳግመኛ እንዲያልፉ ተደረገ። ከታች ሆኖ የቆጠረ ሃያ ስድስት ቆጠረ። አውሮፕላኖቹም አንዳቸው እንኳ ከቻይና ፋብሪካ የወጡ አልነበሩም፤ ከቺያንግ ካይሼክ ጦር እጅ የተገኙ የባዕድ ሥሪቶች ነበሩ።

በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው ስለ አንድ አገር የአየር ኃይል ወሬ በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚጠየቀው ስንት አውሮፕላን አላት የሚለው ነው። የቲያናንመኑ ሰልፍ ይህ ጥያቄ ሰውን እንዴት እንደሚያታልል ያሳያል። እኛ ዛሬ የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ ማን ያበራቸዋል? ማን ይጠግናቸዋል? ማንስ ይሠራቸዋል? መልሱን የምንፈልገው በመጀመሪያው የቻይና አየር ኃይል አዛዥ በሊዩ ያሎው ሕይወት ውስጥ ነው።

ሊዩ በ1910 በፉጂያን ክፍለ ሀገር በዉፒንግ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። በ1929 የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆነ፤ በረጅሙ ጉዞም የክፍለ ጦር የፖለቲካ ኮሚሳር ሆኖ ተዋጋ። በ1939 ወደ ሞስኮ ተልኮ በፍሩንዜ ወታደራዊ አካዳሚ ተማረ። የሩሲያ ቋንቋን ጠንቅቆ ያወቀው በዚሁ ዘመን ነው። አገሩ ተመልሶ የሰሜን ምሥራቁ ጦር ኤታማዦር ሹም ሲሆን፣ ከቀዳሚ ሥራዎቹ አንዱ የሶቪየት ጦር የመምሪያ መኮንኖች የሚሠሩበትን ደንብ ወደ ቻይንኛ መመለስ ነበር። በጃንዋሪ 1949 በእሱ አዛዥነት የተከፈተው የቲያንጂን ማጥቃት በሃያ ዘጠኝ ሰዓት ተጠናቀቀ።

አየር ኃይል እንዲያቋቁም የተመረጠው ይህ የምድር ጦር ሰው ነበር። በዚያው ዓመት በጋ ወደ ሞስኮ ተመለሰ። ድርድሩ ሲያበቃ ሶቪየት ኅብረት 434 አውሮፕላኖች ለመሸጥና 878 ባለሙያዎች ለመላክ ተስማማች። ከሁለቱ ቁጥሮች ለእኛ የሚከብደው ሁለተኛው ነው፤ የአስተማሪው ቁጥር ከአውሮፕላኑ ቁጥር እጥፍ ይበልጥ ነበርና። አየር ኃይሉ ኖቬምበር 11 ቀን 1949 በይፋ ተመሠረተ፤ ዓመቱ ሳያልቅም ስድስት የበረራ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ተማሪዎቹ በአብዛኛው ከእግረኛ ጦር የተመለመሉ፣ ቀለም ብዙም ያልቆጠሩ ወጣቶች ሲሆኑ፣ የሞተርን ጠባይ የሚማሩት በአስተርጓሚ ነበር።

ከዚያ ቀደም የነበረው አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። በማርች 1946 በቶንግኋ ተከፍቶ ካስተማሩት መካከል እጃቸውን የሰጡ የጃፓን አየር ጓድ አባላት ነበሩ። አገር የወረረውን ጠላት መምህር አድርጎ መቀበል ለብዙዎቹ ተማሪዎች መራራ ነበር፤ ግን ተቀበሉ። ቤንዚን ሲያልቅ በአልኮል በረሩ፣ ጎማውን በብስክሌት መንፊያ ነፉ፣ የአውሮፕላን ስብርባሪ በፈረስ አስጎተቱ።

የመጀመሪያው ፈተና ሳይዘገይ መጣ። በ1950 መጨረሻ የቻይና አብራሪዎች ወደ ኮሪያ ግንባር ሲቀርቡ የጄት ልምዳቸው በጥቂት አሥር ሰዓቶች የሚቆጠር ነበር። የገጠሟቸው አሜሪካውያን ደግሞ ብዙዎቹ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊዎች ነበሩ። እውነቱን ለመናገር ከባዱን የአየር ውጊያ ሸክም የተሸከሙት የሶቪየት አብራሪዎች ናቸው። ቻይናውያኑ አሥር የተዋጊ አውሮፕላን ክፍለ ጦሮችን በየተራ ወደ ግንባሩ እየላኩ ጦርነቱን ራሱን ትምህርት ቤት አደረጉት። ስለወደቁት አውሮፕላኖች የሁለቱ ወገኖች ቁጥር እስከ ዛሬ አይገጥምምና እኛም አንደግመውም።

ከጦርነቱ በኋላ ጥያቄው ወደ ፋብሪካ ዞረ። ጁላይ 19 ቀን 1956 በሼንያንግ የተሠራው የሚግ-17 ግልባጭ ጄ-5 በረረ። ይህ የሠራተኛው ድል ነበር። ነገር ግን በ1958 የታላቁ ዝላይ ጥድፊያ ፋብሪካውን አጥለቀለቀው፤ የቁጥጥር ደንቦች እንደ ኋላ ቀር ማነቆ ተቆጠሩ። ተተኪው ጄ-6 በቁጥር ተመረተ፣ በጥራት ወደቀ፤ ክፍሎች ሊረከቡት የማይችሉት አውሮፕላን ተከማቸ። በ1960 የሶቪየት ባለሙያዎች ተጠቃለው ሲወጡ ጉዳቱ ተደረበ። አውሮፕላኑ እንደ አዲስ ተሠርቶ የተፈቀደው በ1963 ነው። የባለሙያዎቹን መውጣት ብቻ ተጠያቂ የሚያደርጉ አሉ፤ እኛ አንስማማም። የፍተሻ መዝገቡን የጣለው የገዛ እጅ ነበር።

የሊዩን ሥራ ከሁሉ የሚያጎላው ግን የሚሳይሉ ታሪክ ነው። የአየር መከላከያው በ1957 ከአየር ኃይሉ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ከሶቪየት ኅብረት በተገኙ ጥቂት ሚሳይሎች የሠለጠነ አንድ ሻለቃ ኦክቶበር 7 ቀን 1959 በቤጂንግ አካባቢ ከታይዋን የመጣ አርቢ-57ዲ የስለላ አውሮፕላን ጣለ። በዓለም ታሪክ ከምድር በተተኮሰ ሚሳይል የወደቀ የመጀመሪያው አውሮፕላን ይኸው ነው። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1962 ደግሞ በናንቻንግ አቅራቢያ አንድ ዩ-2 ወደቀ። ቀጥሎ ጠላት በዩ-2 ላይ የራዳር ማስጠንቀቂያ ገጠመ፤ ራዳሩ ሲበራ አብራሪው አቅጣጫ ቀይሮ ያመልጥ ጀመር። ምድብተኞቹ መልሱን ከሥራ ልምድ አወጡ፤ ራዳሩን እጅግ እስኪቀርብ አያበሩም፣ ከዚያ በፊት ደቂቃዎች ይፈጅ የነበረውን ቅደም ተከተል በሰኮንዶች ይጨርሱታል። እስከ 1967 አምስት ዩ-2ዎች ወደቁ። የሚሳይሉ ንድፍ መሠረቱ የሶቪየት ነበር፤ ዘዴው የቻይና ወታደር።

ሊዩ በ1964 በጉበት ካንሰር ታመመ፤ ሜይ 7 ቀን 1965 በሻንጋይ በ55 ዓመቱ ዐረፈ። የሚግ-21 ግልባጭ የሆነው ጄ-7 ሲበር አላየም፤ እሱ የበረረው በጃንዋሪ 1966 ነው። (ሚግ-21 በምሥራቁ ጦርነት በአገራችንም ሰማይ የታየ በመሆኑ ለአንባቢያችን እንግዳ አይደለም።) በዚያው የሜይ ወር፣ ቻይናውያን ራሳቸው ሊነድፉት የተነሡት የጄ-8 ፕሮጀክት ጸደቀ። ቀጥሎ ሜይ 20 ቀን የነዳፊዎቹ አለቃ ኋንግ ዚቺያን በካይሮ በወደቀ የመንገደኞች አውሮፕላን ሞተ። በአሥራ ሦስት ቀን ልዩነት አዛዡም ነዳፊውም ጠፉ።

ከ1966 በኋላ የባህል አብዮቱ ውዥንብር መሐንዲሱን ከጠረጴዛው፣ አብራሪውን ከበረራው አራቀ። የሊዩን ቦታ የያዘው ዉ ፋሺየን በ1971 ከሊን ቢያዎ ጉዳይ ጋር በተያያዘ ታሰረ። ጄ-8 በጁላይ 1969 ቢበርም ንድፉ የጸደቀው በ1980 ነው፤ የበረራው ዘመን ከመጽደቁ አሥራ አንድ ዓመት ቀደመ። በ1992 ቻይና ሱ-27ን ከሩሲያ ተረከበች፤ በ1998 የበረረው ጄ-10 ሞተሩ የሩሲያ ነበር። በጃንዋሪ 2011 በቼንግዱ የበረረው ጄ-20 እንኳ ለዓመታት በሩሲያ ሞተር ሠርቷል፤ የአገር ውስጡ ሞተር በቦታው የተተካው ከዚያ በኋላ ነው።